ልጆችዎን ከአዞ ጋር ያስተዋውቁ

ልጅዎ አዞን የሚያውቀው ከየት ነው? ምናልባት ከካርቱን ፊልም፣ ምናልባት ከትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ ካልሆነም አዋቂዎች «የአዞ እንባ» ሲሉ ሰምቶ ይሆናል። እውነተኛውን አዞ ለማሳየት ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልግዎትም። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው አርባ ምንጭ ይድረሱ። በአውሮፕላን የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በሶዶ አድርገው በመኪና የሚሄዱ ከሆነ ግን ልጆቹ እንዳይሰላቹ ሙሉ ቀን ይመድቡ።

ጉብኝቱን ከአዞ እርባታው ይጀምሩ። የከተማው ሰው «አዞ ራንች» ይለዋል፤ የሚገኘውም በአባያ ሐይቅ ዳር ነው። አዞዎቹ በመጠን በመጠናቸው ተለይተው በግንብ በታጠሩ ገንዳዎች ይኖራሉ። ከትንንሾቹ ጫጩቶች ተነሥተው ወደ ትልልቆቹ ሲሄዱ ልጆችዎ የአዞን ዕድገት ደረጃ በደረጃ ያያሉ። ብዙዎቹ አዞዎች አፋቸውን ከፍተው እንደ ድንጋይ ፈዘው ይተኛሉ። «ሊበላን ነው?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። አይደለም፤ አዞ አፉን ከፍቶ የሚተኛው ሰውነቱን ለማቀዝቀዝ ነው። ልጆቹ በትምህርት ቤት «ገበሎ አስተኔ» እያሉ የሚማሯቸው እንስሳት ሙቀታቸውን የሚያገኙት ከአካባቢያቸው ነው፤ ሲበርዳቸው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ሲሞቃቸው ውኃ ውስጥ ይገባሉ።

ልጆችን ከሁሉም በላይ የሚያስገርማቸው የእናቲቱ ነገር ነው። ሴቷ አዞ በአሸዋ ውስጥ በአብዛኛው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ ሦስት ወር ገደማም አጠገቡ ሆና ትጠብቃለች። የሚፈለፈለው ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚወስነው የጎጆው ሙቀት ነው። ጫጩቶቹ ገና እንቁላሉ ውስጥ እያሉ ሲጮኹ እናታቸው ትሰማለች፣ አሸዋውን ቆፍራም ታወጣቸዋለች። ከዚያም በዚያ በሚያስፈራው አፏ ቀስ አድርጋ ይዛ ወደ ውኃ ታደርሳቸዋለች። ይህን የሰማ ልጅ አዞን እንደ ቀድሞው «ክፉ አውሬ» ብቻ ብሎ አያልፈውም።

አንድ ከባድ ጥያቄ ግን ተዘጋጅተው ይጠብቁ፤ «እነዚህ አዞዎች ሲያድጉ የት ይሄዳሉ?» እርባታው የተቋቋመው ለቆዳ ነው። እንቁላሉ ከጫሞ ሐይቅ ዳርቻ ይሰበሰባል፣ አዞዎቹ ይፈለፈላሉ፣ ያድጋሉ፣ ቆዳቸውም ለገበያ ይቀርባል። ይህን ለልጅ አይሸሽጉ። የምንጫማው ጫማና የምንታጠቀው ቀበቶ ከከብት ቆዳ እንደሚሠራ አስታውሰው በግልጽ ይንገሩት። ልጁ ቢያዝን ይዘን፤ እንስሳን ለጥቅም ማርባት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እራት ላይ መወያየት የጉዞው አንዱ ትርፍ ነው።

በማግስቱ ጠዋት በጀልባ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይውጡ። እዚህ አጥር የለም። «አዞ ገበያ» ከሚባለው ዳርቻ ሲደርሱ የሚሸጥም የሚገዛም አያገኙም፤ ገበያተኞቹ ፀሐይ የሚሞቁ አዞዎች ናቸው። የጫሞ አዞዎች በግዙፍነታቸው የታወቁ ሲሆኑ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝሙም አሉ። ጉማሬዎች፣ ይብራዎችና ዓሣ አጥማጆችም ከዚያው አይጠፉም። ለዓሣ አጥማጆቹ አዞ የመዝናኛ ትርዒት አይደለም፤ እንጀራቸውን ከእሱ ጋር በአንድ ውኃ ይጋራሉ። ይህንንም ለልጆችዎ ያሳዩአቸው። አዞን መውደድ እሱን መድፈር አይደለም፤ ርቀቱን ጠብቆ ማክበር ነው።

ከመነሣትዎ በፊት እነዚህን ልብ ይበሉ፦

• አዞ በየቀኑ መመገብ አያስፈልገውም። አመጋገቡን ማየት ከፈለጉ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድመው ይጠይቁ።

• ትንንሽ ልጆችን ግንብ ላይ አያስቀምጡ፤ ፎቶ ለማንሣት ብለውም ከፍ አድርገው አይያዙ።

• ጀልባ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚሆን የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን ሳያረጋግጡ አይሳፈሩ። እጅም ወደ ውኃ አይሰደድም።

• አካባቢው ቆላ ነው፤ ውኃና ኮፍያ ይያዙ። ወባም ስላለ ሐኪም ያማክሩ፣ ሌሊት አጎበር ይጠቀሙ።

ከሐይቅ ሲመለሱ የአርባ ምንጭን ዓሣ ሳይቀምሱ፣ ሙዝና ማንጎም ሳይሸምቱ አይሂዱ። አመሻሹ ላይ አባያና ጫሞን የሚለየውን «የእግዜር ድልድይ» ከከፍታ ሆነው ሲመለከቱ፣ ከልጆችዎ መካከል ማን ምን እንደሚጠይቅ ያዳምጡ። ጠዋት «አዞ ይበላናል?» ይል የነበረው ልጅ ማታ «እናቲቱ ልጆቿን እንዴት ትለያቸዋለች?» ካለ፣ የመንገዱ ድካም ከንቱ አልቀረም።