በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ

«መምህር እንደ ሻማ ነው፤ ራሱ እየቀለጠ ለሌላው ያበራል።» ይህችን አባባል ሳይሰማ በትምህርት ቤት ያለፈ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። በወላጆች ቀን ትነበባለች፤ በመምህራን ስብሰባ ላይ ባለሥልጣን ንግግሩን ይከፍትባታል፤ በጡረታ ሽኝት ላይ ደግሞ ከድፎ ዳቦው ቀድማ ትቆረሳለች። እኔም በሰኔ 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ የሽኝት መድረክ ላይ ልናገራት በወረቀት ጽፌ በኪሴ ይዣት ነበር። ሆኖም አልተናገርኳትም። ምክንያቱን ለመጻፍ ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ ትቼዋለሁ። ዛሬ ግን፣ ውድ አንባቢ፣ እንደምንም ልጨርሰው።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቅስም፤ እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ለምን እንደሆነ ይረዳልኛል። የሚሰናበቱት ሦስት ነበሩ። አንደኛው በ1975 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው ሥራ የጀመሩትና አርባ ዓመት ሙሉ ጠመኔ የጨበጡት የሒሳብ መምህሬ ናቸው። ሁለተኛዋ የሬኮርድ ክፍሏ እትዬ፣ ሦስተኛው ደግሞ ዘበኛውና ደወል ደዋዩ አባባ ናቸው። ዳሱ የተጣለው ከሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ አጠገብ ነበር። ወንበሩ ከየክፍሉ ወጥቷል፤ ጠላውን የጠመቁት የጎረቤት እናቶች ናቸው፤ በጎቹ የተገዙት አዲስ አበባና ውጭ አገር ባለነው የቀድሞ ተማሪዎች መዋጮ ነው፤ ሦስቱን ጋቢዎች ያሠራው የወላጆች ኮሚቴ ነው። በዚያ ዳስ ሥር አያትና የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው «እኔንም ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ትንሽ ከተማ ማለት ይህ ነው፤ አንድ ሰው ሦስት ትውልድ ይቀርጽና ሦስቱም ትውልድ በአንድ ቀን ይሸኘዋል።

መምህሬ መጀመሪያ የተመደቡት ከቡሬ ወዲያ፣ ወንበርማ ቆላ ውስጥ ነበር። በዚያ ዘመን ከቡሬ ወዲያ ያለው መንገድ ለእግረኛና ለበቅሎ እንጂ ለመምህር ደመወዝ የሚሆን አልነበረም፤ ደመወዛቸውን ለመቀበል አንድ ቀን ይሄዳሉ፣ አንድ ቀን ይመለሳሉ። ወባው እንደ ሁለተኛ ርእሰ መምህር ማንን ከሥራ እንደሚያስቀር ይወስናል። በርበሬ ለቀማ ሲደርስ ክፍሉ በግማሽ ይጎድላል። ያን ጊዜ እርሳቸው ቀሪ የሆነውን ልጅ ስም በቀይ ከመጻፍ ይልቅ ማታ ማታ ማሳው ድረስ ይሄዱ እንደነበር አባቶች በዳሱ ሥር መሰከሩ። ወደ እኛ ከተዛወሩ በኋላ ክፍልፋይን ያስተማሩን በብርቱካን ሥዕል አይደለም። «ገበሬው መሬቱን በሲሶ ሰጠ፤ ዘጠኝ ጆንያ በቆሎ ቢገኝ ለእርሱ ስንት ይደርሰዋል?» ብለው ነው። አባቱ መሬቱን በሲሶ የሰጠ ልጅ መልሱን ከሁላችን ቀድሞ ያውቅ ነበር። ደሃው ልጅ ከመጽሐፉ በፊት የሚያውቀው ሒሳብ እንዳለ ያን ቀን ተማርኩ።

እትዬ ሠላሳ አራት ዓመት በሬኮርድ ክፍሉ ተቀምጠዋል። ኮምፒዩተር ሳይኖር፣ «የ1986 ዓ.ም. የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤቴ ጠፋብኝ» ብሎ ከሱዳን ጠረፍ የመጣውን ሰው የአባቱን ስም ጠይቀው ብቻ ካርዱን ያወጡለታል። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሰሞን የትምህርት ቤቱ ወንበርና መዝጊያ ሳይቀር ሲዘረፍ፣ የተማሪዎቹን ፋይል በጆንያ እየሞሉ ቤታቸው ያሻገሩት እትዬና ዘበኛው አባባ ነበሩ። አባባ በቸርኬ ደወላቸው ሠላሳ ሦስት ዓመት ቀሰቀሱን፤ አርፍዶ የመጣን የገጠር ልጅ ግን በሩን ዘግተውበት አያውቁም። «ሁለት ሰዓት የተጓዘ ልጅ አላረፈደም፤ ትምህርት ቤቱ ነው የራቀው» ይሉ ነበር።

በአገራችን መምህርን ማክበር ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ቅኔ ቤት ያደገ ተማሪ ማንነቱን የሚናገረው የመምህሩን ስም በመጥራት ነው። «ከማን ተማርክ?» የሚለው ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» ከሚለው አያንስም። አቶ መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማን ትዝታ ጽፈው በ1959 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ያቆዩልን የአንድ ሽማግሌ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ተማሪ መምህሩን ስንት ዓመት ሊያስታውስ እንደሚችል የሚያሳይ ሰነድም ነው።

የዘመናዊው መምህር ታሪክ ግን ሌላ መልክ አለው። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ጥያቄያቸው የደመወዝ ብቻ አልነበረም፤ የድሃውን ልጅ የትምህርት ዕድል ያጠባል ያሉትን «ሴክተር ሪቪው» ተቃውመው ነበር። ከሃያ ዓመታት በኋላ ደግሞ የመምህራን ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት በ1988 ዓ.ም. ታስረው እስከ 1994 ዓ.ም. በወኅኒ ቆዩ፤ የማኅበሩ አመራር አቶ አሰፋ ማሩ በ1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ስለ ሻማ የሚያወራው መድረክ እነዚህን ስሞች አይጠራም። ሻማ ይበራል እንጂ አይናገርምና።

ወደ ሽኝቱ ልመለስ። ከእንግዶቹ አንዱ ሻማዋን ከእኔ ቀድሞ ለኮሳት። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ተነግሮ፣ አገር ሁሉ ጣቱን በመምህር ላይ ቀስሮ ነበር። እንግዳው ይህንን አላነሳም፤ አጨበጨብን፣ ጋቢው ተደረበ። ከዚያም መምህሬ ማይክሮፎኑን ተቀበሉና እንደ ልማዳቸው ጥያቄ ጠየቁ።

«ልጆች፣ የመጨረሻ ትምህርቴ ነው። የጡረታ ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የደመወዝ 30 በመቶ፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ። እኔ 40 ዓመት አገልግያለሁ። 30 ጊዜ 1.25 ስንት ነው?»

«37.5!» አለ ዳሱ በአንድ ድምፅ፤ ሽማግሌውም፣ ሐኪሙም፣ ሹፌሩም።

«ሲደመር?»

«67.5!»

«ጎበዞች። ደመወዝ የተባለውም የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ነው። ጣሪያው 70 በመቶ ስለሆነ ቀሪዋን ሁለት ዓመት ብሠራ ኖሮ ጣሪያውን እነካ ነበር። አሁን ወደ ሻማው ልምጣ። ሻማ የቤት ኪራይ አይከፍልም። ጤፍ ስንት ገባ ብሎ አይጠይቅም። ሲያልቅም ማንም በስሙ አይጠራውም። እኔ ሻማ አይደለሁም፤ ሠራተኛ ነኝ። እትዬም ሠራተኛ ናቸው፤ አባባም ሠራተኛ ናቸው። ስለ ጋቢው እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጅግ ይሞቃል። ከእንግዲህ ግን ለሚተኩን ልጆች በቁማቸው ሞቅ አድርጉላቸው።»

ሳቁ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ቀጥሎ የቀድሞ ተማሪዎችን ወክዬ እንድናገር የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ወረቀቱ በኪሴ አለ፤ ሻማዋም በወረቀቱ ላይ አለች። ሁለት ዓረፍተ ነገር አመሰግኜ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ስሜቴ ስለተነካ መስሎት ነበር። ነገሩ ግን እንደዚያ አልነበረም።

በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ እኔም የዚሁ ትምህርት ቤት ወጣት መምህር ነበርኩ። ምርጫ 97 ያመጣው ማዕበል ገና አልረጋም፤ ግምገማ በየመሥሪያ ቤቱ ይካሄዳል። መምህሬ ተነሥተው እንዲቆሙ ተጠየቁ። ክሱ «የሒሳብ ክፍለ ጊዜን ለፖለቲካ ቅስቀሳ አውለዋል» የሚል ነበር። ማስረጃው ደግሞ መቶኛን ሲያስተምሩ «ዕጩ ሀ ይህን ያህል ድምፅ፣ ዕጩ ለ ይህን ያህል ድምፅ ቢያገኙ» የሚል ምሳሌ መስጠታቸው ነው። ሰብሳቢው «ስለዚህ ጉዳይ የምታውቁ ተናገሩ» አለ። እኔ አውቅ ነበር። የትምህርት ዕቅዳቸውን ተውሼ ያንኑ ምሳሌ በሌላው ክፍል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ቁጥሮቹ የማንም ፓርቲ ቁጥሮች እንዳልነበሩም አውቃለሁ፤ ለማካፈል እንዲመቹ የተመረጡ ነበሩ።

ዝም አልኩ። ዓይናቸው አንድ ጊዜ ወደ እኔ መጣና ተመለሰ። ምስክር አድርገው ሊጠሩኝ ይችሉ ነበር፤ አልጠሩኝም። ከሒሳብ ክፍል ኃላፊነታቸው ተነሥተው ወደ ገጠር ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ሦስት ዓመት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት በእግራቸው ተመላለሱ። እኔም በዓመቱ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ስለ ፍትሕና ስለ ነፃነት መጻፍም ጀመርኩ። በደሉን የፈጸሙት ሰዎች ነበሩ፤ ግን ሁሉንም ነገር ለእነርሱ አሸክሜ እኔ በንጽሕና ልቆም አልችልም።

ከሽኝቱ በኋላ እትዬ የሬኮርድ ክፍሉን ቁልፍ ለተተኪያቸው ሊያስረክቡ ሲሄዱ ተከተልኳቸው። «እትዬ፣ የ1998ቱ ቃለ ጉባኤ ይኖር ይሆን?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«አለ እንጂ። ምን ጠፍቶ ያውቃል እዚህ ቤት? አንተ ልጅ፣ ስምህን ልትፈልግ ከሆነ ግን አታገኘውም። የተናገረ ሁሉ ተጽፏል። ዝምታ በቃለ ጉባኤ አይያዝም።»

ይህን ያሉት በቁጣ አልነበረም። ቁልፉን አስረከቡ፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ። ወደ መምህሬ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ ስል ቀድመውኝ ትከሻዬን ያዙና «ልጄ፣ ያን ጊዜ ልጅ ነበርክ» አሉኝ። ከስድብ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው።

ያ ሽኝት ሁላችንም በአንድነት የተገናኘንበት የመጨረሻው ቀን ሆነ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን በፍኖተ ሰላም በደረሰ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታሉ ኃላፊ ለዜና ወኪሎች ተናገሩ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ «የሰላም መንገድ» የሚል ስም ያገኘችው ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በዚያ በኩል በማለፋቸው እንደሆነ ይነገራል። በዚያ ክረምት ግን በስሟ የሚገባባትም የሚወጣባትም መንገድ አልነበራትም። ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። በ2017 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑት ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ መሆናቸው ተነገረ። ስልክ በሠራ ቀን እትዬን ሳገኛቸው ስለ ራሳቸው አልነገሩኝም፤ «ፋይሎቹ ደረቅ ቦታ ናቸው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይገባኛል። እኛ ሰውን የምናከብረው ክብሩ ምንም በማያስከፍለን ቀን ነው። ለጡረተኛ ጋቢ ማልበስ ቀላል ነው፤ ማንም አይገመግመንም። ጋቢው መልካም ነው፣ ከልብ የመጣም ነው፤ የጎጃም እናት የፈተለችውን ጋቢ የሚያቃልል ብዕር የለኝም። ነገር ግን ለመምህሩ ጋቢ የሚያስፈልገው በስልሳ ዓመቱ ብቻ አይደለም፤ በአርባ ሦስት ዓመቱ፣ በዚያ ስብሰባ መካከል ብቻውን ቆሞ በነበረበት ሰዓትም በርዶት ነበር። ያን ጊዜ አንድ እጅ ቢነሣ ከአንድ ጋቢ ይበልጥ ነበር። ዛሬም በየትምህርት ቤቱ፣ በሁለት ወገን ጥርጣሬ መካከል የቆመ መምህር አለ። ጡረታ እስኪወጣ የምንጠብቅ ከሆነ፣ ብዙዎቹ ወደ ሽኝቱ ዳስ አይደርሱም።

እኔ ወደ ኋላ ተመልሼ እጄን ላወጣ አልችልም። የዘገየ ቃል ግን ከዝምታ ይሻላልና፣ እትዬ በጥንቃቄ ላቆዩት ለዚያ ቃለ ጉባኤ የሚከተለው ይጨመርልኝ፤

መምህሩ መቶኛን በሚያስተምሩበት ጊዜ የሰጡት ምሳሌ የሒሳብ ምሳሌ ነው። ያንኑ ምሳሌ እኔም አስተምሬዋለሁ። ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የሁለታችን ነው፤ ጥፋት ካልሆነ ደግሞ መምህሩ በቦታቸው ይቀመጡ። በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።