ካርታውን ማሽን ነው የሚበውዘው

በፖከር ጠረጴዛ ላይ ስድብ ሲጀመር ቀድሞ የሚያርፈው ካርታ አዳዩ ላይ ነው። ላስ ቬጋስ ውስጥ ካርታ እያደልሁ ስለምኖር አውቀዋለሁ። ሰውየው ሁለት አስ ይዞ ገንዘቡን በሙሉ ያስገባል፣ ሌላው ሁለት ሰባት ይዞ ይከተለዋል፣ መጨረሻ ላይ ሦስተኛዋ ሰባት ብቅ ትላለች። ሂሳቡን ለሚያውቅ ሰው ይህ ከ5 ጊዜ 1 ጊዜ ገደማ የሚያጋጥም ነገር ነው። እሱ ግን ቀና ብሎ እኔን ያያል። «ሁሌ አንቺ ስትመጪ!» ይልና ካርታውን ወደ እጄ ይወረውራል። በዛሬ ጊዜ በብዙ ካዚኖ ካርታውን የሚበውዘው ጠረጴዛው ውስጥ የተቀበረ ማሽን ነው፤ የኔ ሥራ ከማሽኑ አንስቶ ማደል ብቻ። ማሽኑን የሰደበ ሰው እስካሁን አላየሁም።

አንጋፋዎቹ ተጫዋቾች «ጨዋነት ድሮ ቀረ» ይላሉ። ግማሹን ብቻ እቀበላቸዋለሁ። በ1970 የፖከር የዓለም ሻምፒዮና በቤኒ ቢንየን ሆርስሹ ካዚኖ ሲጀመር የነበሩት ሰዎች መላእክት አልነበሩም። በሲጋራ ጭስ ታፍነው፣ ካርታ ፊታቸው ላይ እየተወረወረባቸው ያደሉ አዳዮች ብዙ ናቸው። ልዩነቱ ሌላ ነው። ያኔ የሚጫወቱት እርስ በርስ የሚተዋወቁ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ያዋረድከው ሰው ነገ አጠገብህ ይቀመጣል፤ ኪስህ ባዶ ሲሆንም የምትበደረው ከሱው ነው። ይሉኝታ እንዲህ ባለ መንደር ውስጥ ይሠራል።

መንደሩ የፈረሰው ከ2003 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ክሪስ መኒሜከር የሚባል የቴነሲ የሒሳብ ባለሙያ በኢንተርኔት ማጣሪያ አልፎ መጣና የሻምፒዮናውን ዋና ውድድር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። (ስሙ የእውነት ነው፤ በእንግሊዝኛ «ገንዘብ ሠሪ» እንደማለት ነው።) ያን ጊዜ የተወዳደሩት 839 ነበሩ። በ2006 ቁጥሩ 8,773 ደረሰ፣ በ2024 ደግሞ 10,112፤ ያውም መግቢያው 10,000 ዶላር ሆኖ። ከአዲሶቹ ብዙዎቹ ጨዋታውን የተማሩት ስክሪን ላይ ነው። እኛ ጋ በሰዓት ብናድል 30 ዙር ገደማ ነው፤ በኢንተርኔት አንድ ልጅ አራት አምስት ጠረጴዛ ባንዴ ከፍቶ በመቶዎች ይጫወታል። እዚያ ተቃራኒህ ፊት የለውም፣ እናት የለውም፣ ቅጽል ስም ብቻ ነው። በዚህ ያደገ ልጅ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ፣ ለማንም ሰላም ሳይል ነው። ተራው ደርሶ ስጠራው አይሰማም። ጠረጴዛውን በእጄ ስመታለት ደግሞ አስቸገርሽኝ በሚል ዓይን ያየኛል።

ቴሌቪዥንም እጁ አለበት። ፊል ሄልሙዝ በ1989 ገና በ24 ዓመቱ ዋናውን ውድድር ያሸነፈ፣ ለአሸናፊ የሚሰጠውን የሻምፒዮና አምባር 17 ጊዜ የወሰደ፣ በዚህም አቻ ያልተገኘለት ሰው ነው። ተመልካች ግን ይበልጥ የሚያውቀው ሲሸነፍ ብድግ ብሎ በሚጮኸው ጩኸት ነው፤ ካሜራውም የሚጠብቀው ያንኑ ነው። እሱስ 17 አምባር አለው። 200 ዶላር ይዞ ተቀምጦ የሱን ጩኸት የሚጮኸው ሰው ምን ይዞ ነው?

ጩኸቱን ለምጄዋለሁ፤ እንዲያውም የሚጮህ ሰው ቶሎ ይበርድለታል። ከሁሉ የማልወደው ዝም ብሎ የሚደረገውን ነው። ያሸነፈ መሆኑን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ካርታውን አይገልጥም። ይንቀራፈፋል፣ የተከዘ ይመስላል፣ ይተነፍሳል። ሌላኛው ተሳካልኝ ብሎ እጁን ወደ ገንዘቡ ሲዘረጋ ያን ጊዜ ይገልጣል። ስሎው ሮል ይሉታል። አንዲት ሳንቲም አይጨምርለትም፤ ሰውን ለማሳፈር ብቻ የሚደረግ ነው። ትልልቁን ቺፕ ከትንንሹ ኋላ ደብቆ ያለውን የሚያሳንስ፣ ሊያስይዝ መስሎ እጁን እየዘረጋ የባላንጣውን ፊት የሚያነብም አለ። ለነዚህ ቢያንስ ሕግ አለ።

ሕግ የማይደርስበት መምህሩ ነው። አንድ ጡረተኛ ከባለቤቱ ጋር ለዕረፍት መጥቶ ይቀመጣል። ይስቃል፣ ከየት እንደመጣ ይነግረናል፣ በደካማ ካርታ ይገባል፣ ያሸንፋል። ያ ዝምተኛ ወጣት ማዳመጫውን ያወጣል። ሌሊቱን በሙሉ የተናገራት የመጀመሪያ ቃል «በዚህ ካርታ እንዴት ትገባለህ?» የምትል ናት። ከዚያ ትምህርቱ ይወርዳል፤ ሶልቨር የሚባለው ፕሮግራም ምን እንደሚል፣ ስንት በመቶ፣ የት ላይ መጣል እንደነበረበት። የሰውየው ፊት ይቀላል። ጥቂት ቆይቶ ቺፑን ሰብስቦ «ሚስቴ ትጠብቀኛለች» ብሎ ይሄዳል። ካዚኖው ከየዙሩ ጥቂት ዶላር ስለሚቆርጥ ጠረጴዛው ላይ ያለው ገንዘብ በየሰዓቱ ይመነምናል። የሚሞላው ለመዝናናት በሚመጣ፣ ቢሸነፍም በማያዝን ሰው ነው። ወጣቱ አዋቂነቱን አሳይቶ ያባረረው እንጀራውን ነው፤ ይህን የሚያሰላ ሶልቨር የለውም መሰለኝ።

ካዚኖውስ ምን ያደርጋል? በ2001 የተቋቋመው የውድድር ዳይሬክተሮች ማኅበር ሕግ አለው፤ ሰው የሰደበ ወይም ካርታ የወረወረ ከጨዋታ ለተወሰነ ዙር ይታገዳል፣ ካልታረመ ይባረራል። በውድድር ላይ ይሠራል። በተራው ቀን ጨዋታ ግን ሁሉም በተቆጣጣሪው እጅ ነው፣ ተቆጣጣሪው ደግሞ ደንበኛውን ያውቀዋል። ገንዘብ የሚያፈስ ሰው ከሆነ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ዛሬ አልቀናህም» ይለውና ይሄዳል። እኔም ዝም እላለሁ። የሰዓት ክፍያችን ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል አካባቢ ነው፤ የምንኖረው ያሸነፈ ሰው በሚወረውርልን አንድ ሁለት ዶላር ነው። የሰደበኝ ሰው ቀጥሎ ሲያሸንፍ እጁን የማየው እኔው ነኝ። ደግነቱ በየግማሽ ሰዓቱ ጠረጴዛ እንቀያየራለን።

የኛንም ሰው ልንገራችሁ። ዙር እየተካሄደ ከእንግሊዝኛ ሌላ መናገር ክልክል ነው፤ ሁለት ሰዎች ተመካክረው ሦስተኛውን እንዳይበሉት። አንድ ምሽት ሁለት ሐበሾች ተቀምጠዋል። አንዱ ለሌላው «አሮጊቷ ምንም አልያዘችም፣ ግፋ!» አለው። እዚህ ብዙ ካዚኖዎች በደረት ምልክታችን ላይ ከስማችን ሥር የትውልድ ከተማችንን ይጽፋሉ፤ የኔው «አዲስ አበባ» ይላል፣ አላነበቡትም። «ወንድሞቼ፣ እንግሊዝኛ ብቻ» አልኳቸው፣ በአማርኛ። የአንዱ ቺፕ ከእጁ ተበተነ። ሲነሱ መጥቶ «እህቴ፣ በጣም ይቅርታ፤ አፍሬያለሁ» አለኝ። በዚህ ሥራ ላይ አፍሬያለሁ የሚል ሰው ብርቅ ነው። (እናቴ ሆቴል እንደምሠራ ነው የምታውቀው። ካዚኖው ሆቴል ውስጥ ስለሆነ አልዋሸሁም።)

ቬጋስ መጥታችሁ ልትቀመጡ ያሰባችሁ፦ ተራችሁን ጠብቁ። ካርታ ስትጥሉ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ አዳዩ አንሸራቱት። ካሸነፋችሁ ቶሎ ግለጡ። ያሸነፋችሁን ሰው አታስተምሩት፤ «ጥሩ ተጫወትክ» በሉትና ቀጣዩን ዙር ጠብቁ። የተናደዳችሁ እንደሆነ ተነሱና አየር ውሰዱ። እናንተ መነሳት ትችላላችሁ፤ እኛ ፈረቃችን እስኪያልቅ እዚያው ነን።