ሠላሳ ዓመት የተኛው ማጉያ

በቦሩ ሜዳ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት አንዲት አሮጊት እናት ናቸው፤ እኔም መንደሩም «እማማ» እያልን እንጠራቸዋለን። ባለፈው መስከረም አንድ ቀን ማታ ቡና ስንጠጣ፥ ከአልጋቸው ሥር በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለ ከባድ ሣጥን እንዳወጣ አዘዙኝ። «ፊዚክስ ታስተምር የለም? እስቲ ይኸን እይልኝ» አሉ። ጋቢውን ብገልጠው፥ ባለ ቫልቭ የጊታር አምፕሊፋየር ሆኖ አገኘሁት።

የሣጥኑ ጌታ ሟች ባለቤታቸው ነበሩ። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ሲቋቋም ጊታር ይጫወቱ ነበር። በዚያን ጊዜ የወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድን እነ ማሪቱ ለገሠን የመሰሉ ድምፃውያን ይዞ ስሙ ገንኖ ስለ ነበር፥ የመንደሩ ወጣት ሁሉ የእነርሱን ፈለግ ለመከተል ይጣጣር ነበር ይባላል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ቡድኑ ተበተነ፤ ጊታሩ ተሸጠ፤ ማጉያው ከአልጋ ሥር ገባ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እማማ ቤታቸውን ጥለው ሲሸሹ ሣጥኑን በገለባ ሸፍነውት ሄዱ። ሲመለሱም ከቦታው አላጡትም።

ቦሩ ሜዳ ሲባል የታሪክ ተማሪ ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ የተገኙበትን የ1870 ዓ.ም. ጉባኤ ያስባል። እኔን ግን ከሁሉ በፊት ትዝ የሚለኝ ብርዱና ጉሙ ነው። ይህ ጉም ከሠላሳ ክረምት በላይ በዚያ ሣጥን ውስጥ ሲመላለስ ኖሯል።

እጄ ስፒናውን ቶሎ ሶኬት ላይ ለመሰካት ቸኩሎ ነበር። ደግነቱ፥ ካፓሲተር የሚባለው ዕቃ ዓመታት ያለ ሥራ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ለተማሪዎቼ ያስተማርሁት ትዝ አለኝ። በውስጡ ባለው የአሉሚኒየም ቅጠል ላይ ያለው ስስ ሽፋን እየደከመ ይሄዳል፤ ሙሉውን ኃይል ድንገት ቢለቁበት ግሎ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ በመስመሩ ላይ አንድ የ60 ዋት አምፖል አስገብቼ ኃይሉ በእርሱ በኩል እንዲያልፍ አደረግሁ። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ውስጡ ተገናኝቷል ማለት ነው፤ ደምቆ ከደበዘዘ ተስፋ አለው። ታዲያ ለዚህ የሚሆነው የዱሮው ባለ ሽቦ አምፖል ብቻ ነው፤ እርሱን ለማግኘት የደሴን ፒያሳ ሱቅ ለሱቅ ስዞር ዋልሁ። አምፖሉ ደመቀ፤ ቀስ ብሎም ደበዘዘ። እማማ «ነፍስ አለው?» ሲሉኝ «አለው» አልኋቸው።

ነፍሱ ግን ጩኸት ብቻ ነበረች። አንዱ ጩኸት የመሰለኝ ቆይቼ ስሰማው ሦስት ሆነ። መጀመሪያ የድምፁን ማዞሪያ ዜሮ ላይ አደረግሁት፤ ከሥር የሚሰማው ወፍራም ጉምጉምታ አልቀነሰም። እንግዲያው በሽታው ከማዞሪያው ወዲህ ማዶ፥ በኃይል ማጣሪያው በኩል ነው። የመብራታችን ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ማጉያው ሁለቱንም ምልልስ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚመልሰው ጉምጉምታው 100 ይሆናል፤ ያንን ማለስለስ የካፓሲተሮቹ ሥራ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ከመርካቶ ሁለት አዲስ አመጣልኝና አሮጌዎቹን ለወጥኋቸው። ከመንካቴ በፊት ግን የቀረውን ኃይል በሬዚስተር አፈሰስሁት፤ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ሊያድር ይችላልና በዚህ ነገር ጀግንነት አያስፈልግም።

ሁለተኛው፥ ሥጋ በመጥበሻ ላይ እንደሚንጨረጨር ያለው ድምፅ ነው። አጥፍቼ አቀዝቅዤ የመጀመሪያውን ቫልቭ ነቅዬ ስከፍተው ጸጥ አለ። የቫልቩ እግሮች ዝገው ነበር። በአልኮል አጠብኋቸው፤ ደጋግሜ ሰክቼ ነቀልኋቸው፤ ዳነ።

እዚህ ላይ ከእማማ ጋር ተጋጨን። የስፒናው ገመድ ባለ ሁለት ሽቦ ስለ ነበር፥ ባለ ሦስት አድርጌ መሬት የሚገባ መስመር እንዲኖረው ፈለግሁ። «የእርሱን ገመድ አትቁረጥ» አሉኝ። ጊታር የሚይዝ ሰው እጁ ከብረት ጅማት ላይ ነው፤ ስለዚህ አልሰማኋቸውም። ሁለት ቀን አኮረፉኝ፤ በሦስተኛው ቀን ቆሎ ላኩልኝ።

የቀረው ሦስተኛው ነው። ማዞሪያውን ባዞርሁት ቁጥር ይንቋቋል። በማጽጃ አጠብሁት፤ ከሞላ ጎደል ተሻለው፤ ከ4 እስከ 5 ባለው ሥፍራ ብቻ እንቢ አለ። ከፍቼ ባየው፥ ጣቷ የምትሄድበት ጥቁር የካርቦን መንገድ በዚያች ቦታ ላይ ተፍቆ አልቋል። ሰው አብዝቶ የሚያቆምበት ቦታ ቀድሞ ያልቃል። ይኸ በማጠብ የሚድን አይደለም፤ መለወጥ ነው ያለበት። ለመለወጫ የሚሆነውንም ገዝቼ በኪሴ ያዝሁ።

ቅዳሜ ዕለት አንድ ተማሪዬ ጊታሩን ይዞ መጣና አምባሰል ጀመረ። ድምፁን ከፍ ለማድረግ ማዞሪያውን ሳዞር 4ን ሲያልፍ «ቀርርር» አለ። እማማ ከተቀመጡበት ቀና አሉ።

«እዚያች ላይ ነበር የሚያቆማት» አሉ። «ከዚያ በላይ ከፍ ካደረገ ጎረቤት ይቆጣ ነበር።»

አዲሱን ማዞሪያ ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው፤ ነገ እለውጠዋለሁ አልኋቸው።

«ተወው፥ ልጄ። ይኸን ተወው።»

የሙያው ሰው ቢሰማ ይስቅብኛል። እኔ ግን ገመዱ ላይ አልሰማኋቸውም ነበርና በዚህ እሺ አልሁ፤ ማንንም የሚጎዳ ነገር አይደለም። ልጁ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ማዞሪያውንም ከ4 ትንሽ ዝቅ አድርጌ ተውሁት። አዲሱ ማዞሪያ እስከ አሁን በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ከፈተና ወረቀቶች ጋር ተቀምጧል።