ቆጥሮ የሚያምነው ሼል

አዋሽ መልካሳ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ብዙ ሰው የሚያውቃት በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። እዚያ አንድ ወጣት አለ፤ እንጀራው የቦሎቄና የማሽላ ሙከራ ሰንጠረዦችን ማጽዳት ነው፣ ክፍያውም በሰንጠረዥ ብዛት። አሮጌ ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ ጭኖ ዚ ሼል በተባለው የትእዛዝ መጻፊያ ይሠራል። ሁለት ሦስት ፊደል ጽፎ ታብን ሲነካ ሼሉ ቀሪውን ያሟላለታል።

አንድ ቀን ለድሮው የማጽጃ ትእዛዙ የጻፈውን የማሟያ ፋይል አጠፋና በምትኩ ለአዲሱ ትእዛዝ የሚሆን አስገባ። ታብ ነካ፤ ዝም። ተርሚናሉን ዘግቶ ከፈተ፤ ዝም። ላፕቶፑን አጥፍቶ አስነሳ፤ ያው ነው። ሥራው ደግሞ ማታ መድረስ አለበት። ፋይሉን አምስት ጊዜ ደጋግሞ ከጻፈ በኋላ ተስፋ ቆርጦ ሊኑክስን እንደ አዲስ ሊጭን ፍላሽ አዘጋጀ። ያልተላኩት ሰንጠረዦች እዚያው ላፕቶፕ ላይ ናቸው።

ደግነቱ ከመጀመሩ በፊት አዳማ ላለች የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ደወለ።

«አንተ፣ ተው! እንዳትነካው» አለችው። «ፋይልህ ደህና ነው። ሼሉ እያነበበ ያለው የድሮውን መዝገብ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዚ ሼል በመቶዎች የሚቆጠሩ የማሟያ ፋይሎች አሉት። በተከፈተ ቁጥር የሁሉንም የመጀመሪያ መስመር ቢያነብ፣ በተለይ በአሮጌ ዲስክ ላይ፣ ያንቀረፍፋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ አንብቦ ዚኮምፕደምፕ በተባለ ድብቅ ፋይል ውስጥ መዝገቡን ያስቀምጣል። በቀጣዩ ጊዜ የሚያጣራው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የፋይሎቹ ብዛትና የሼሉ ስሪት። ሁለቱ ከገጠሙ የድሮውን መዝገብ ያምናል። ልጁ አንድ አጥፍቶ አንድ ጨመረ፤ ቁጥሩ ገጠመ። ኮረም መሙላቱን ብቻ ቆጥሮ ስብሰባ የሚከፍት ሰብሳቢም ማን እንደተቀመጠ አያውቅም።

ይህን ማጣራት ጭራሽ የሚያስቀር አማራጭም አለ። ብዙ ሰው ለፍጥነት ብሎ ከሌላ ሰው ቅንብር ይገለብጠዋል፤ ምን እንደሚያስቀር ግን አያነብም።

ኮምፓይል የተደረገው ፋይል ሌላ ነው። ስሙ መጨረሻ ላይ ዚደብሊውሲ የሚል አለው፣ ካልታዘዘም አይፈጠርም። ሼሉ እዚህ የሚያስተያየው ቀን ነው፤ ዋናው ፋይል ከታደሰ የተጠናቀረውን ይተወዋል። ይህ ከመቁጠር ይሻላል። ቢሆንም የድሮ ቀኑን እንደያዘ የተገለበጠ ዋና ፋይል ከመጣ፣ የተጠናቀረው አዲስ መስሎ ያሸንፋል።

ዚ ሼልን በ1990 እ.ኤ.አ. የጻፈው ፖል ፎልስታድ የተባለ የፕሪንስተን ተማሪ ነበር። ከ2019 ወዲህ በአፕል ኮምፒውተሮችም መደበኛው ሼል ሆኗል፤ ስለዚህ ጣጣው የመልካሳው ልጅ ብቻ አይደለም።

«መዝገቡን አጥፋው። አትፍራ፣ ራሱ መልሶ ይጽፈዋል» አለችው።

አጠፋው። ተርሚናሉን ከፈተ፤ ትንሽ ዘገየ። ታብ ሲነካ አዲሱ ትእዛዝ ከነአማራጮቹ ተዘረዘረ። ሰንጠረዦቹ ከመምሸቱ በፊት ተላኩ፤ ፍላሹም ወደ ዘፈን መያዣነቱ ተመለሰ።