ከአንድ ሳህን ለመጎራረስ... እስከ ሐይቅ!

«የድሮ ሽታ ያለው፣ መብራቱ ደብዘዝ ያለ፣ ወንበሩ የአያቶቻችንን ዘመን የሚያስታውስ ምግብ ቤት ወዴት ይገኛል? እጮኛዬን ራት ልጋብዛት ነው» ሲል አንድ የደሴ ወጣት ጠይቆናል። ጥያቄው ደስ ይላል። ታዲያ መጨረሻው ላይ አንዲት ነገር ጣል አድርጓል። እሱ ክርስቲያን፣ እሷ ሙስሊም ናቸው። እስካሁን አብረው የበሉት ኬክ ብቻ ነው!

አዲስ አበባ ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር። ፒያሳ፣ ጣይቱ ሆቴል ይዘሃት ሂድ እንለው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ቤት በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ክፉኛ ቢጎዳውም ግርማው አልጠፋም። ወሎ ላይ ግን ከወንበሩ ዕድሜ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። ሥጋው የማን ነው? የወሎ ሰው በሠርግም በለቅሶም አይለያይም፤ በዕርድ ግን ይለያያል። ደጋሹም ይህን ስለሚያውቅ ለሙስሊሙ ለብቻ፣ ለክርስቲያኑ ለብቻ ያሳርዳል። እንግዲህ ያ ባለ ግርማ ምግብ ቤት ቢገኝ እንኳ አንተ ክትፎህን ልትውጥ፣ እሷ ሻይዋን ልታማስል ነው። ጉርሻ የሌለበት ግብዣ ምን ግብዣ ይባላል?

ወንድማችን፣ የኛን ምክር ከሰማህ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዝና ሐይቅ ውረድ። ዓሣ ባራኪ አይፈልግም፤ የማን ዕርድ ነው ብሎ የሚጠይቅም የለም። አንድ ሳህን፣ አራት እጅ! ጉላሹን ተወውና ሙሉውን የተጠበሰ እዘዝ። ጉላሽ በሹካም ይበላል፤ ሙሉው ዓሣ ግን እጅ ይጠይቃል፣ እሾህ ያስለቅማል። ለራሱ ብቻ እየለቀመ የሚጎርስና አስቀድሞ ለጓደኛው የሚያጎርስ ሰው እዚያው ይለያሉ። እሷም አንተን እያየች መሆኑን እንዳትረሳ!

አንድ ጥንቃቄ አለ። ዘይቱና መጥበሻው ሥጋ የነካው እንዳይሆን ቀደም ብለህ፣ እሷ ሳትሰማ፣ ባለቤቲቱን ጠይቅ። ፊቷ ላይ ብትጠይቅ ልጅቷን ማሳቀቅ ይሆናል። ቢራ የሚንጋጋበትንም ቤት እለፈው። ቀኑንም አስላ። ረመዳን ከሆነ ምሳ የሚባል ነገር የለም። ያንተ ጾም ከሆነ ደግሞ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር አንተ ዘንድ ካልተፈታ በያይነቱ አለልህ፤ እሱም አንድ ትሪ ላይ ነው የሚቀርበው።

የድሮ ነገር ፈልገህ እንደሆን አንድ የሚያስቅ ነገር እንንገርህ። ቆሮሶው ሐይቁ ውስጥ የተጨመረው እንደ ፈረንጆቹ በ1978 ነው። ካንተ አባት እንኳ ሳያንስ አይቀርም! የድሮው ነገር ያለው ከሳህኑ ውጭ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ስሙ የገነነ ነው። ነገር ግን ሴት አይገባበትም። «እዚች ጋ ጠብቂኝ፣ አንዴ አይቼ ልምጣ» ብለህ ውኃው ዳር አቁመሃት እንዳትሄድ። ለሌላ ቀን ይቆይህ።

ጊዜ ከተረፋችሁ ወደ አምባሰል፣ ወደ ውጫሌ ዝለቁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና ጣልያን የተፈራረሙት እዚያ ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው የፈቃድ ሲሆን፣ በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ፤ ጣጣው አድዋ ድረስ ወሰደን። ለሚጋቡ ሰዎች ከዚህ የተሻለ የጨዋታ ርዕስ የት ይገኛል? ልጆቹ በማን ሃይማኖት ያድጋሉ? ሠርጉ በማን ደንብ ይሁን? አንዱ «ከፈለግን» ያለውን ሌላው «የግድ» ብሎ ሰምቶት እንዳይሆን ቁርጡን ተነጋገሩ። ለሙዚቃውም ቢሆን የፈረንጅ ዘፈን አያስፈልግም። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከአምባሰል ነው። ባለ ሻይ ቤቱን አምባሰል እንዲከፍትላችሁ ለምኑት።

ራቱንም ምሳ አድርገው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት በደሴም በሐይቅም አልፏል። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የተነሳው ግጭት ደግሞ መንገዱን የማይታመን አድርጎታል። ስለዚህ በዋዜማው ሹፌሮችን ጠይቅ፤ «ይቅርብህ» ካሉህ ይቅርብህ። ልጅቷንም ሳይመሽ ቤቷ አድርሳት። እናቷ ስለ ሻማ መብራት ግድ የላትም፤ ሰዓቱን ነው የምታየው።

ቀለበት ይዘህ ከሆነ ደግሞ ለምግቡ መሀል አታውጣው። ቡናው ይፈላ፣ አቦሉ ይቀዳ። ከዚያ በፊት ግን እጅህን በሎሚ እሽት አድርገህ ታጠብ... ዓሣ ዓሣ የሚል ቀለበት ማን ይወዳል?