ሣር የበቀለበት ወደብ

መርከብ የማይደርስበት ወደብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ኔዘርላንድስ፣ ዋገኒንገን ከተማ ሳለሁ አይቻለሁ። ቦታው ስኾክላንድ ይባላል። ለአፈር ጥናት ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በአውቶቡስ ሄድን። መምህራችን «ደሴቱ ላይ ደርሰናል» ሲሉን ዙሪያችንን ብናይ ያለው ማሳ ብቻ ነው። የድሮው ወደብ እንጨቶች በሣር መካከል ቆመዋል።

ስኾክላንድ በእርግጥም በባሕር የተከበበች ጠባብ ደሴት ነበረች። ማዕበሉ መሬቷን እየበላ፣ ድህነቱም እየጠና ስለሄደ 650 ያህል ነዋሪዎቿ በ1859 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ትእዛዝ ለቀው ወጡ። ሆላንዳውያን በ1932 ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ግድብ ሠርተው ባሕሩን ዘጉት። ቀጥሎም በደሴቷ ዙሪያ ያለውን ውሃ በፓምፕ እየሳቡ አወጡና በ1942 መሬቱ ደረቀ። ዛሬ ገበሬው ድንች የሚተክለው ከባሕር ወለል በታች ነው። ፓምፖቹ ቢቆሙ ውሃው ይመለሳል።

የእኛ ሥራ መሬቱን በእጅ መሰርሰሪያ እየወጋን አፈር ማውጣት ነበር። እጄ እስኪላጥ ሰረሰርኩ! ከሥር የወጣው ጥቁርና እንደ ስፖንጅ የለሰለሰ ነው፤ የሸምበቆ ሥር ሳይቀር ይታይበታል። ይህ አፈር በውሃ ውስጥ እስካለ ሺህ ዓመታት ይቆያል። ውሃው ሲወጣና አየር ሲገባው ግን ይበሰብሳል፤ መሬቱም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ደሴቷ በየብስ መካከል ሆናም መስመጧን አልተወችም። ይህን ለመግታት በአንዱ ጎኗ ያለው ውሃ ሆን ተብሎ ከፍ እንዲል ይደረጋል። መምህሩ ይህን ሲያስረዱ ማስታወሻ መያዜን አቆምኩ።

የተወለድኩት ሐረማያ ሐይቅ አጠገብ ነው። የሐረር ከተማ ሰው የሚጠጣው ከዚያ ነበር። አባቴም በናፍጣ ፓምፕ እየሳቡ ድንችና ጫት ያጠጡ ነበር። ጫት ማለቴን ታገሡኝ፤ ደብተር የተገዛልኝ በዚያ ገንዘብ ነው። ጎረቤቱም ሁሉ ይስባል፤ ከተራቆተውም ተራራ ደለል ይወርዳል። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ደረቀ። እኛ ልጆቹ ኳስ ተጫወትንበት። ትልልቆቹ ዝናቡን ወቀሱ። አባቴን «ፓምፑስ?» ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።

ያን ማታ ለባለቤቴ ደወልኩ። ልጃችንን ይዛ ከወላጆቼ ጋር ነበረች። ለዶክትሬት አራት ዓመት ልጨምር እያሰብኩ መሆኔን ታውቃለች፤ እሺ አላለችኝም ነበር። የወደቡን ነገር ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና «ይህንንማ ለአባባ መንገር አለብህ» አለች።

«በስልክ?»

«በስልክማ አይሆንም። መጥተህ።»

ዶክትሬቱን ተውኩት። አንዳንዴ እንደሚቆጨኝ አልደብቃችሁም።

አገር ቤት ስገባ የሐረማያ ውሃ በከፊል ተመልሶ አገኘሁት። ፓምፖቹም ተመልሰዋል። ከእራት በኋላ እንደምንም ደፍሬ ለአባቴ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ታዲያ ያኔ ምን ትበላ ነበር?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ባለቤቴ ቡናውን ደግማ ቀዳችላቸው። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ በሩን አንኳኩ።

«ያ መሰርሰሪያ ያልከው እዚህ አገር ይገኛል?»

ከብረት ሠሪ ዘንድ ልናሠራ አብረን ወጣን።