ሳይቆጥሩ «ሆን ተብሎ ነው» ማለት

መቼም የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ሒሳብ ልጻፍ ስትል «ምን ነካት?» የሚል አይጠፋም። አብዛኞቻችን ወደ ሶሻል የገባነው ከቁጥር ሸሽተን ነው፤ እኔም ብሆን ይህን አልክድም። ይሁን እንጂ በፍሬሽማን የሒሳብ ኮርስ ካየናቸው ነገሮች አንዱ ለሙያችን በጣም የሚጠቅም ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እሱም ገደብ ያለበት ቆጠራ ነው።

ነገሩን ከራሳችን ጓዳ እንጀምር። አምስት ዜናዎች አሉን እንበል። በስንት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊነበቡ ይችላሉ? ለመጀመሪያው ቦታ 5 ምርጫ አለን፤ ለቀጣዩ 4፣ ከዚያ 3፣ 2፣ 1። ሲባዛ 120 ይመጣል። አዘጋጁ ግን ዝም ብሎ አይተወንም፤ «ስፖርት መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ሁለቱ የፍርድ ቤት ዜናዎች ደግሞ ጎን ለጎን አይሁኑ» ይላል። ዘዴው ቀላል ነው። አንደኛ፣ ገደብ ያለበትን አስቀድሞ ቦታ ማስያዝ፤ ስፖርት መጨረሻ ላይ ከተቀመጠ የቀሩት አራቱ በ24 መንገድ ይደረደራሉ። ሁለተኛ፣ የማይፈለገውን ቆጥሮ መቀነስ፤ ሁለቱን የፍርድ ቤት ዜናዎች እንደ አንድ ብናስራቸው ሦስት ነገሮች በ6 መንገድ ይደረደራሉ፣ ሁለቱ ቦታ ሲለዋወጡ ደግሞ 12 ይሆናል። ከ24 ላይ 12 ሲቀነስ 12 ይቀራል። በሁለት አጫጭር ትእዛዞች 120 ወደ 12 ወረደ ማለት ነው።

ገደብ ምርጫን ይህን ያህል ስለሚያጠብ ፍንጭም ይሆናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ይጠቀሙበት የነበረው ኤኒግማ የተባለ የምስጢር መጻፊያ ማሽን አንድን ፊደል በራሱ በዚያው ፊደል ፈጽሞ አይተካም ነበር። እንግሊዝ አገር ብሌችሊ ፓርክ የነበሩት እነ አላን ቱሪንግ መልእክቱ ውስጥ ይኖራል ብለው የገመቱትን ቃል ከምስጢሩ ጽሑፍ ሥር እያንሸራተቱ ያስተያዩ ነበር። አንድ ፊደል እንኳ ከራሱ ጋር ከገጠመ ቃሉ እዚያ ቦታ ላይ የለም ማለት ነው፤ ይሰረዛል። የተከለከለው ነገር የተደበቀውን አሳበቀ!

እኔን ግን ነገሩ የነካኝ በጦርነት ታሪክ አይደለም። አምና ለ4 ሰው የሚሆን የሥልጠና ዕድል መጣና 12 ተማሪዎች ተመዘገብን፤ 7 ወንዶችና 5 ሴቶች። ዕጣው በዝግ በር ወጣ፤ አራቱም ወንዶች ሆኑ። በማግስቱ ላውንጁ ሁሉ «ተበልተናል!» በሚል ወሬ ሞላ። ጓደኞቼም ነገሩን በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ እንዳወጣው ወተወቱኝ። እኔም ተናድጄ ነበር። ሆኖም ብዕሬን ከማንሳቴ በፊት ቆጠርኩ።

ከ12 ሰው 4 መምረጥ በ495 መንገድ ይቻላል። ከ7ቱ ወንዶች ብቻ 4 መምረጥ ደግሞ በ35። ስለዚህ ቢያንስ አንዲት ሴት ያለችበት ቡድን 495 ሲቀነስ 35፣ ማለትም 460 ነው። አንዱ ጓደኛዬ በሌላ መንገድ ሄደ። «ከ5ቱ አንዲት ሴት ልምረጥ፤ ከቀሩት 11 ደግሞ ሦስት ሰው በ165 መንገድ፤ ሲባዛ 825!» አለኝ። ጠቅላላው 495 ሆኖ ሳለ 825 ከየት ይመጣል? ሁለት ሴቶች ያሉበትን ቡድን አንዴ በአንደኛዋ፣ አንዴ በሁለተኛዋ ስም ሁለቴ ስለቆጠረው ነው። ስብሰባ ስንዘግብ፣ ወጥቶ የተመለሰውን ሰው ሁለቴ እንደመቁጠር ማለት ነው።

እንግዲህ 35 ለ495 ሲካፈል ከመቶ 7 ገደማ ይደርሳል። በንጹህ ዕጣም ቢሆን ሴት የሌለበት ውጤት በአማካይ ከ14 ጊዜ አንዴ ይወጣል። ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ተአምር ግን አይደለም። ያው ነገር ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ቢሆን ከ2,800 አንዴ ገደማ ስለሚሆን ያኔ ሌላ ነገር እጽፍ ነበር። ለዚህ ግን «ተጭበርብሯል» ብዬ ለመጻፍ ቁጥሩ አልፈቀደልኝም፤ «ንጹህ ነበር» ለማለትም እንዲሁ። የጻፍኩት የማውቀውን ብቻ ነው፦ በሩ ዝግ እንደነበር፣ ታዛቢ እንዳልነበረ፣ እንዲህ ያለ ውጤት በዕድልም ሊመጣ እንደሚችል። አንዳንዶቹ «ፈሪ» አሉኝ፤ አንዷ ጓደኛዬ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። በሚቀጥለው ዙር ግን ዕጣው በሁላችን ፊት ወጣ። ለሦስት ወንዶችና ለአንዲት ሴት ደረሰ፤ ሴቷ እኔ አልነበርኩም። ያጉረመረመ ሰው ግን አልሰማሁም።

የሙያ ጓደኞቼ፣ «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን» ብለን መጠየቅን ገና ከመጀመሪያው ኮርስ ተምረናል። እኔ ሦስት ልጨምርባቸው፦ ይህ የሆነው ከስንት መንገድ ነው? ገደቡ ምንድን ነው? ሁለቴ የቆጠርኩት የለም ወይ? መልሱን ለማግኘት እስክሪብቶና ግማሽ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ያለ እነዚህ ጥያቄዎች የወጣ ጽሑፍ ግን የሰው ስም ሊያጠፋ፣ ወይም የእውነት የተበደለውን ዝም ሊያሰኝ ይችላል።